አንዲት ዝግባ ብትወድቅ ምን ይጎድላል?

ባለፈው እትም በብሔራዊ ፓርኮቻችንና በዱር እንስሳት መጠለያዎች ውስጥ ስለሚቆረጠው እንጨት ጥያቄ ያላችሁ ጻፉልን ብለን ነበር። የደረሰን ደብዳቤ ከጠበቅነው በላይ ነው። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገን ስድስት መርጠናል። ስም አላተምንም፤ አንዳንዶቻችሁ የምትኖሩት እዚያው ደኑ ጥግ ስለሆነ ጣጣ እንዳይመጣባችሁ ነው።

ጥያቄ፦ የምኖረው ዶሎ መና ነው። ባሌ ተራሮች ላይ ያለው ሐረና ደን ከእኛ በላይ ነው። እዚያ ገብተው ጣውላ የሚሰነጥቁ ልጆች አውቃለሁ፤ አብረውኝ የተማሩም አሉ። ስጠይቃቸው «ደኑ ሰፊ ነው፣ እኛ እዚህም እዚያም አንድ አንድ ዛፍ ነው የምንቆርጠው፣ አልመነጠርነው» ይሉኛል። እኔም መልስ አጣሁ። አንድ አንድ ዛፍ ምን ይጎዳል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጓደኞችህ ከሚሉት ግማሹ እውነት ነው። ሐረና ሰፊ ነው። በአገራችን ከቀሩት እርጥብ ደኖች በስፋቱ ሁለተኛ ነው። ችግሩ ጓደኞችህ ያገኙትን ዛፍ ሁሉ አለመቁረጣቸው ነው። መጋዝ ይዞ የገባ ሰው የሚፈልገው ወፍራሙን፣ ቀጥ ያለውን፣ ቅርንጫፉ ከላይ የጀመረውን ነው። ዝግባ፣ ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ቀረሮ። በሌላ አነጋገር አሮጌውን ነው የሚመርጠው።

ዝግባን እንውሰድ። ዝግባ ወንድና ሴት አለው። አንዱ ዛፍ ብናኝ ብቻ ይሰጣል፣ ሌላው ፍሬ ብቻ፣ የሚያገናኛቸው ነፋስ ነው። በአንድ ሸለቆ ውስጥ ካሉት ትልልቅ ዝግባዎች የተወሰኑት ሲሄዱ የቀሩት ቆመው ይታያሉ፤ ግን ተራርቀዋል፣ ፍሬያቸው ይቀንሳል። ከመንገድ ላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው ደኑ ያው አረንጓዴ ነው። ገብቶ መሬቱን ያየ ሰው ግን የዝግባ ችግኝ ያጣል። ኮሶም እንደዚሁ ወንዴና ሴቴ ዛፉ ለየብቻ ነው፤ አያቶቻችን ለመድኃኒት የሴቴዋን አበባ መርጠው ይለቅሙ የነበረው ይህን ጠንቅቀው ስለሚያውቁ ነው።

ሌላው ነገር፣ ዛፍ ሲያረጅ ግንዱ ውስጡ ይቦረቦራል። ይህ ቡርቡር ቤት ነው። ሆርንቢል የሚባለውን ትልቅ ምንቃር ያለው፣ ሲበር ክንፉ ከሩቅ የሚሰማ ጥቁር ወፍ አይተኸው ይሆናል። ሴቷ እንቁላል ልትጥል ስትል አሮጌ ዛፍ ውስጥ ትገባና መግቢያውን በጭቃ ይደፍኑታል። የምትቀረው ምንቃሯን የምታወጣበት ጠባብ ስንጥቅ ብቻ ናት። ወንዱ ከጠዋት እስከ ማታ ፍሬ እየለቀመ በዚያች ስንጥቅ ያጎርሳታል፣ ለሳምንታት። ያ ዛፍ በዚያ ሰሞን በመጋዝ ከወደቀ እናትም ጫጩትም ውስጡ ናቸው። ባይወድቅባቸው እንኳ በሚቀጥለው ዓመት የሚገቡበት ያጣሉ፤ ሃያ ዓመት የሞላው ዛፍ ላይ ይህን የሚያህል ቡርቡር የለማ። የበላውን ፍሬ ሌላ ቦታ ወስዶ የሚዘራው ደግሞ ይኸው ወፍ ነው። ወፉ ሲሄድ ደኑ ገበሬውን አጣ ማለት ነው።

የወደቀው ዛፍ ብቻውን አይወድቅም። ጎረቤቶቹን ሰብሮ ነው የሚወርደው። ከዚያ ለመሰንጠቂያ ቦታ ይጠረጋል፣ ጣውላውን ለሚያወጡት አህዮች መንገድ ይከፈታል፣ በተከፈተው መንገድ ከብት ይገባል፣ ከብቱ ችግኙን ይግጣል። ክረምቱ አልፎ ደረቁ ወቅት ሲመጣ ደግሞ ፀሐይ የገባበት ቦታ ስለሚደርቅ እሳት ይይዘዋል። ቀርከሃውም አልቀረለትም። የባሌ ጦጣ የሚባለው፣ ከአገራችን ውጭ የትም የሌለው እንስሳ፣ ከሚበላው አብዛኛው የቀርከሃ ቅጠል ነው። ቀርከሃው ለአጥርና ለጣራ ሲመነጠር የዚህ ጦጣ ጓዳ ባዶ ሆነ።

እኔን ግን ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ ውሃው ነው። ገናሌ፣ ወይብ፣ ወልመል፣ ዱማል ከባሌ ተራሮች ነው የሚነሱት፣ ዋቢ ሸበሌም ከዚያው ይመገባል። ወልመልን ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ። ሐረና ላይ የሚዘንበው ዝናብ መጀመሪያ ቅጠል ላይ ያርፋል፣ ከዚያ መሬት ላይ በተነጠፈው የበሰበሰ ቅጠል ላይ ይንጠባጠባል፣ ቀስ ብሎም ወደ አፈሩ ይሰርጋል። ዝናብ በሌለበት ቀን እንኳ ጭጋጉ ቅጠልና የዛፍ ሽበት ላይ ተጠራቅሞ ይንጠባጠባል። ዝናቡ ካባራ ከወራት በኋላ ወልመል የማይደርቀው ለዚህ ነው። ከባሌ በሚነሳው ውሃ የሚኖረው ሰው በኢትዮጵያ፣ በሶማሊያና በኬንያ ተደምሮ ወደ 12 ሚሊዮን ይገመታል። ባሌ በ2016 ዓ.ም. መግቢያ ላይ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ የተቆጠረለት ቀይ ቀበሮውና የደጋ አጋዘኑ ቢሆንም፣ ዶሎ መና ላለ ሰው ትልቁ ቅርስ ይህ ውሃ ነው ባይ ነኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። ጣውላ ሰንጣቂዎቹን ብቻ አትይ። ለቡና ብለን ሥር ሥሩን በየዓመቱ ስንመነጥር ነገ ትልቅ ዛፍ የሚሆነውን ችግኝ አብረን እየመነጠርን ነው። ላዩ ጥላ ይመስላል፣ ግን ተተኪ የለውም። ለጓደኞችህ ደግሞ ይህን ጠይቅልኝ፦ ለአንድ ጣውላ ስንት ተከፈላችሁ? ያው ጣውላ ከተማ ሱቅ ውስጥ ስንት ነው? ልዩነቱ ማን ኪስ እንደገባ ሲያሰሉት ነገሩ ራሱ ይገለጥላቸዋል።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነው የምኖረው። መብራት ይጠፋል፣ ጋዝ ውድ ነው፣ ስለዚህ ከሰል እገዛለሁ። ሻጩ «የግራር ነው፣ ምርጥ ነው» ይለኛል። ከፓርክ የመጣ ይሁን አይሁን በምን አውቃለሁ? መግዛቴስ ጥፋት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ በማየት ልታውቂ አትችይም። እንጨት አንዴ ከከሰለ የት እንደበቀለ አይናገርም፤ ነጋዴውም የሚተማመነው በዚህ ነው።

«የግራር ነው» የሚለው ግን ፍንጭ ነው። የግራር ከሰል ከባድ ነው፣ እሳቱ ይቆያል፣ ለዚህ ነው የሚወደደው። ግራር በብዛት ከሚበቅልባቸው ቦታዎች አንዱ ስምጥ ሸለቆ ነው። ወደ ሐዋሳ የሄደ ሰው ሁሉ መንገድ ዳር የተደረደረውን ማዳበሪያ ሙሉ ከሰል አይቷል። በዚያው መንገድ ላይ የአቢያታ ሻላ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክ አለ። 887 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፣ በ1966 ዓ.ም. አካባቢ የተቋቋመ። የግራር ደን ነበረው። ዛሬ ብዙው ቦታ ጉቶና አቧራ ነው። ግራሩ ሲጠፋ ፍሬውን የሚለቅም እንስሳ ይሄዳል፤ አፈሩን የሚያዳብረውና የሚይዘው ሥር ይሄዳል፤ ከሐይቁ ዳር የሚነሳውን የሶዳ አቧራ የሚመክት ነገር አይኖርም። የአቢያታ ሐይቅ ራሱ ለመስኖና ለፋብሪካ ውሃው እየተወሰደ የሸሸ ሐይቅ ነው፤ ከሰሉ የመጣው በላዩ ላይ ነው።

አከሳሰሉ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። እርጥብ እንጨት ይከመራል፣ በሣርና በአፈር ይሸፈናል፣ ከሥር እሳት ይለቀቅበትና ለቀናት እየጨሰ ይሰነብታል። በዚህ ዓይነት አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት ከአምስት እስከ አሥር ኪሎ እንጨት ይሄዳል። ቤትሽ የገባውን ማዳበሪያ ስታዪ በዚያ ልክ አባዢው።

ጥፋተኛ ነሽ አልልሽም። ቡናሽን ማፍላት አለብሽ፣ ወጥሽን መሥራት አለብሽ። ግን ሁለት ነገር በእጅሽ ነው። አንደኛው ምድጃው። ላቀች የሚባለው የሸክላ ውስጥ ያለው ምድጃ ከተራው የቆርቆሮ ምድጃ ጋር ሲወዳደር ከሰሉን በሩብ ያህል ይቀንስልሻል። እንጀራ በእንጨት የምትጋግሪ ከሆነ «ምርጥ» የሚባለው ምድጃ በሦስት ጉልቻ ከምታነጂው እስከ ግማሽ ይቆጥባል። ሁለተኛው የሻጭሽ ጉዳይ ነው። በአዊ ዞን፣ ፋግታ ለኮማ አካባቢ፣ ገበሬዎች ዲከረንስ የሚባል ዛፍ በገዛ ማሳቸው ይተክላሉ፣ በአምስት ዓመት ገደማ ይቆርጣሉ፣ ያከስላሉ፣ መልሰው ይተክላሉ። ይህ ከሰል አዲስ አበባ ይመጣል። ከግራሩ ቀለል ይላል፣ እሳቱም ያን ያህል አይቆይም። ግን ማንም ፓርክ ውስጥ አልገባበትም። «የጎጃሙን አምጣልኝ» ማለት ትችያለሽ። ደጋግመሽ ካልሽው፣ ጎረቤትሽም ካለች፣ ሻጩ ያመጣል።

ጥያቄ፦ አርባ ምንጭ መምህር ነኝ። ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ ሴቶች ትልቅ የእንጨት ሸክም ተሸክመው ከታች ከደኑ ዳገቱን ሲወጡ አያለሁ። እናቴን የሚያህሉ አሉ። የፓርኩ ጠባቂ ስካውቶች ሲያገኟቸው ይቀሟቸዋል። ፓርክ መጠበቅ ማለት እነዚህን ማሳደድ ነው?

መልስ፦ አይደለም መምህር። ይህን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል።

መጀመሪያ ስለ ደኑ። ከከተማው ሥር ያለው የነጭ ሳር ፓርክ ደን በዝናብ ብቻ የሚኖር ደን አይደለም። የከርሰ ምድር ውሃው ወደ ላይ ቀርቦ ስላለ ሥሩን እዚያው ውሃ ውስጥ አድርጎ የቆመ ነው። እነዚያ ግዙፍ ሾላዎች፣ ላያቸው ላይ የሚዘሉት ጉሬዛዎች፣ ሁሉም በዚያ ውሃ ነው የሚኖሩት። ከተማዋ ስሟን ያገኘችባቸው ምንጮች እዚያው ናቸው፣ ሰዉም የሚጠጣው ከዚያ ነው። ደኑ ሲሳሳ ቀጥታ የሚነካው የእርስዎን ቧንቧ ነው።

አሁን ወደ ሴቶቹ። አንዲት ሴት የወደቀ ጭራሮ ለቅማ ብትሸከም ደኑ አይሞትም። ጉዳት የሚመጣው ሁለት ነገር ሲጨመር ነው። አንደኛው ቁጥሩ፣ በየቀኑ፣ በየአቅጣጫው። ሁለተኛው ደረቅ እንጨት ሲያልቅ የሚመጣው ዘዴ። የቆመውን ዛፍ ዙሪያውን ልጠው ይሄዳሉ። ዛፉ ቀስ ብሎ ይደርቃል። ከዚያ «የደረቀ እኮ ነው» ተብሎ ይቆረጣል። ልጡ የተላጠ ዛፍ ካዩ ያ የችግሩ ምልክት ነው።

ግን ያቺ ሴት ሸክሙን የምታወጣው የሚገዛት ስላለ ነው። ዳቦ ጋጋሪው፣ አረቄ አውጪዋ፣ ምግብ ቤቱ፣ መኖሪያ ቤቱ። ሸክሟን መቀማት ነገ ራቷን መቀማት ነው፤ ከነገ ወዲያ ግን ተመልሳ ትገባለች፣ ምክንያቱም ሌላ የላትም። አዲስ አበባ እንጦጦ ሥር እንጨት ተሸካሚ የነበሩ ሴቶች ተደራጅተው ሽመና ተምረው ነጠላና ስካርፍ እየሸጡ የሚኖሩበት ማኅበር አለ። እንዲህ ያለው ነው ሰውን ከሸክም የሚያላቅቀው። ስካውቱም ቢሆን ጊዜውን በእሷ ላይ ከሚያጠፋ ሌሊት ጣውላና ከሰል ጭኖ የሚወጣውን አይሱዙ ቢጠብቅ ይሻላል። በአንድ ሌሊት የሚወጣው እሷ በወራት ከምትሸከመው ይበልጣል፣ የጫነው ሰው ግን ራት አላጣም።

ጥያቄ፦ አንድ ቆርጠን አሥር ብንተክልስ? በአረንጓዴ አሻራ ስንት ችግኝ እየተከልን አይደለም እንዴ!

መልስ፦ መትከሉ ጥሩ ነው፣ ግፉበት። ምትክ ግን አይሆንም። አሥር ችግኝ አንድ ቡርቡር ግንድ አይሆንም፣ በእኛ ዕድሜም አይደርስም። መትከል ያለበት ከፓርኩ ውጭ፣ ሰው የሚቆርጠው እንጨት እንዲኖር ነው። ታሪካችንም ይህንኑ ነው የሚለው። በምኒልክ ዘመን የአዲስ አበባ ዙሪያ ማገዶ አልቆ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ነበር። ከተማዋን ያቆያት ባሕር ዛፍ ነው። በባሕር ዛፍ ላይ ብዙ ይወራል፣ ውሃ ይመጥጣል፣ አፈር ያጠፋል ይባላል፣ ወንዝ ዳርና እርሻ ላይ ከሆነ እውነትነት አለው። በየገበሬው ጓሮ ያለው አጣና ግን የስንቱን ጽድና ወይራ ሕይወት እንዳተረፈ መርሳት የለብንም።

ጥያቄ፦ ጀርመን ነው የምኖረው። እዚህ ሰዎች በፖላንድ ስላለ ጥንታዊ ደን ሲከራከሩ ሰምቼ ነበር። የደረቀና የታመመ ዛፍ ከፓርክ ውስጥ ቢወጣ ምን ችግር አለው? ዝም ብሎ ከሚበሰብስ ሰው ቢጠቀምበት አይሻልም?

መልስ፦ የሰማኸው ስለ ቢያዎቪዬዣ ደን ይመስለኛል። በፖላንድና በቤላሩስ ድንበር ላይ ያለ፣ የአውሮፓ ጎሽ የሚኖርበት፣ በዩኔስኮ የተመዘገበ ደን ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የፖላንድ መንግሥት በደኑ የሚቆረጠው እንጨት በሦስት እጥፍ ገደማ እንዲጨምር ፈቀደ። የሰጠው ምክንያት አንተ ያልከው ነው፤ ልጥ የሚበላ ጥንዚዛ ዛፉን እያደረቀ ነው፣ የታመመውን ማውጣት አለብን የሚል። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 ቆረጣው እንዲቆም አዘዘ፣ ካልቆመ በቀን ቢያንስ 100,000 ዩሮ እንደሚያስቀጣ አስጠነቀቀ፣ በ2018 ደግሞ ድርጊቱ ሕግ የጣሰ ነው ብሎ ፈረደ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ለእንጨት ተብሎ በተተከለ ደን ውስጥ የታመመውን ማውጣት ያስኬዳል። በዱር ውስጥ ግን የደረቀ ዛፍ ሥራውን አልጨረሰም። ውስጡ የሚራቡ ነፍሳት አሉ፣ እነሱን የሚለቅም ግንደ ቆርቁር አለ፣ እሱ የቆረቆረውን ጉድጓድ የሚወርስ ሌላ ወፍ አለ፣ የበሰበሰው ደግሞ እርጥበት ይዞ ለችግኝ አልጋ ይሆናል። በጓሮህ ያለ ደረቅ ዛፍ ያንተ ነው። በፓርክ ያለው ነዋሪ አለው። በእኛ አገር ደግሞ «የደረቀ ብቻ» የሚለው ፈቃድ ምን እንደሚያመጣ ከላይ ለመምህሩ የመለስኩትን አንብብ።

ጥያቄ፦ ዋሽንግተን አካባቢ ነን። በእኔ አስተያየት መፍትሔው አንድ ነው፦ ፓርክ ውስጥ ያለውን ሰው አስወጥቶ ማጠር። ገንዘቡን እኛ ማዋጣት እንችላለን። ምን ይላሉ?

መልስ፦ ቅንነትዎን አደንቃለሁ፣ በሐሳቡ ግን አልስማማም። ተሞክሯል። በነጭ ሳር እ.ኤ.አ. በ2004 አካባቢ ሰዎች ከፓርኩ እንዲነሱ ተደርጎ ብዙ ምሬት አስከተለ። ፓርኩን ሊያስተዳድር የገባው የውጭ ድርጅትም በ2008 ለቅቆ ሄደ። ደኑ ከዚያ በኋላም መቆረጡን አላቆመም። የተባረረ ሰው ደኑን የእኔ አይለውም፣ በሌሊት የሚገባውን ሌላ ሰውም አይከለክልም።

ሌላ መንገድም ተሞክሯል፣ ከባሌ ብዙም ሳይርቅ፣ በአዳባና በዶዶላ። እዚያ በደኑ ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች «ዋጅብ» በሚባል ማኅበር ተደራጁ። በአንድ ማኅበር ከ30 አባወራ አይበልጥም፣ ለአንድ አባወራ 12 ሄክታር ደን ይታሰባል። ከመንግሥት ጋር ውል ይፈርማሉ፣ ኪራይ ይከፍላሉ፣ የደኑ ሽፋን እንዳይቀንስ ይገደዳሉ። በምላሹ በልኩ መጠቀም፣ ከብት ማስገባትና ከሁሉ በላይ ሌላውን ሰው «አትግባ» ማለት መብታቸው ነው። ይህ የመጨረሻው ነው ሥራውን የሠራው። ማን እንደገባ፣ በየት እንደገባ፣ የማን መጋዝ እንደሆነ ከእነሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ አሁን ደግሞ ለመናገር ምክንያት አገኙ። በዚህ የተያዘው ደን ማንም ከማይጠብቀው የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። በሐረና ዙሪያም የደን ቡናና ማር የሚያመርቱ ማኅበራት በተመሳሳይ መንገድ ተደራጅተዋል።

ፓርኩ እምብርት ውስጥ፣ ሰው ጨርሶ ሊኖርበት የማይገባ ቦታ የለም እያልኩ አይደለም። አለ። እሱም ቢሆን የሚጠበቀው ዙሪያውን ያለው ሰው ሲጠቀም ነው።

ገንዘብ ማዋጣት ከፈለጋችሁ ለአጥር አታዋጡ። ስካውቶች ዝናብ ልብስና ጫማ ይቸገራሉ፣ ለእሱ ይሁን። በፓርክ ዙሪያ ባሉ ትምህርት ቤቶችና ጤና ጣቢያዎች ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ይተከልበት። እዚያ ቡናና ማር የምትገዙ ደግሞ «የባሌ ደን» የሚል ስታዩ የትኛው ማኅበር እንዳመረተው ሻጩን ጠይቁ፤ የማኅበሩን ስም የሚነግራችሁን ነጋዴ ደንበኛ አድርጉት፣ ዋጋው ትንሽ ከፍ ቢልም።